በጥምጥም የተዘጋው መንገድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ፣ ገዳሪፍ ተማሪ ሆኜ ስኖር ነው። አርባ ዓመት ሆኖታል። የአስተማሪዎቼ ስም እንኳ ከራሴ ወጥቷል። ያቺን ዓርብ ግን አልረሳትም፤ ረመዳን በመጣ ቁጥር አብራ ትመጣለች። «አንተ ክርስቲያን፣ ረመዳን ምንህ ነው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ምኔ እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴና እኔ መተማን ተሻግረን ሱዳን ከገባን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር። ያረፍነው ኡም ጋርጉር፣ የስደተኞች መጠለያ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ደህና ውጤት ያመጣን ጥቂት ልጆች ተመርጠን፣ ገዳሪፍ ከተማ ከሱዳን ተማሪዎች ጋር ሁለተኛ ደረጃ እንድንማር ተፈቀደልን። ማደሪያ የሰጡኝ ሐጂ ሰይድ ይባላሉ። የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ገበያ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል እተኛለሁ፣ ከትምህርት ስመለስ ስኳርና ሻይ ቅጠል እመዝንላቸዋለሁ።

ወረቀቴ የሚሠራው ገዳሪፍ ውስጥ ብቻ ነው። ከከተማ ለመውጣት «ተስሪህ» የሚሉት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ተስሪህ መንገድ ላይ የተያዘ ተማሪ ትምህርቱ እዚያው ላይ አበቃ፤ ወደ መጠለያው ይመለሳል። ዋሴ ደግሞ ሐጂ ናቸው። እኔ ከተያዝኩ የእሳቸውም ሱቅ ይታሸጋል። ይህን እያወቅሁ፣ ፈርሜ ነው የገባሁት።

በዚያ ላይ «ከሻ» የሚባል ነገር አለ። አፈሳ ማለት ነው። ፖሊሶች ድንገት መንገድ ይዘጉና ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እየለቀሙ መኪና ላይ ይጭናሉ። እኛ ተማሪዎች ከሻ የሚለውን ቃል ስንሰማ መደበቂያ እንፈልጋለን።

እኔ ግን እግሬ አያርፍም። ዓርብ ትምህርት የለም፤ ሌሎቹ ልብሳቸውን ሲያጥቡ እኔ አገር አያለሁ። ባቡር ጣቢያው ሄጄ ባቡሩ እስኪመጣ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። ሰማይ የሚነካ የሚመስለውን የእህል ጎተራ ዙሪያውን እዞራለሁ። የሰሊጥ ገበያው ውስጥ ገብቼ ሰው ሲጯጯህ እሰማለሁ። ሐጂ ይናደዳሉ።

«አገር በረሃብ እያለቀ አንተ ባቡር ስታይ ትውላለህ? ወላሂ፣ የአንተስ ልዩ ነው» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ በየቀኑ ከድንበሩ በኩል ሰው እየተጎተተ ይገባል። ሱዳኖቹም ራሳቸው ዝናብ ጠፍቶባቸው ማሽላ እንደ ወርቅ ተወዷል። እኔም አፍር ነበር። ግን ምክንያት ነበረኝ፤ ምክንያቴም እናቴ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ኡም ጋርጉር ስሄድ ገና አቅፋ ስማኝ ሳትጨርስ እንዲህ ትለኛለች።

«የረሃቡን ወሬ ተወኝ፤ እሱን እዚሁ አለሁበት። ያየኸውን ንገረኝ።»

ከመጠለያው መውጣት አትችልም። ስለዚህ እኔ ዓይኗ ሆንኩ። የባቡሩን ስነግራት «ሲቆም ይተነፍሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላስተዋልኩም ነበር፤ ተመልሼ ጣቢያው ሄጄ አየሁላት። ይተነፍሳል።

ገዳሪፍ ሲያልቅብኝ ከሰላ የምትባለው ከተማ ቀረች። የከሰላ ልጆች ክፍላችን ውስጥ ነበሩና ስለ ተራራቸው ሲያወሩ አፋቸውን አይከድኑም። የተደፋ እንስራ የመሰለ፣ ልሙጥ፣ ዛፍ የማይበቅልበት የድንጋይ ተራራ ነው አሉ። ሥሩ ቶቲል የምትባል ምንጭ አለች። ከእሷ የጠጣ ሰው ሳይወድ በግድ ወደ ከሰላ ይመለሳል ብለው ያምናሉ። ይህን ሳልነግራት እናቴ ፊት እንዴት ልቁም?

ለተስሪህ ቢሮ መመላለስ ሳምንት ይፈጃል፤ ለተራራ ብዬ ብጠይቅ ደግሞ ይስቁብኛል። እናም አንድ የረመዳን ዓርብ ለሐጂ «ጓደኛዬ ጋ ላጠና ነው» ብዬ ዋሸሁ። ይባስ ብሎ ታጥቦ የተሰጣ ጀላቢያቸውን ከገመዱ ላይ አንስቼ ለበስኩ፤ የአገሬውን ልጅ ለመምሰል። ሐጂ ረጅም ናቸው። እኔ አጭር ነኝ። ጀላቢያው መሬት ይጠርጋል። ይህን ለብሼ በማለዳው አውቶቡስ ሄድኩ።

ስሄድ ማንም አልጠየቀኝም። ከሰላስ? ወይ ከሰላ! የጋሽ ወንዝ ደርቆ ነጭ አሸዋ ብቻ ሆኗል፣ ዳርና ዳሩ ግን የብርቱካንና የሙዝ አትክልት ነው። ፀጉራቸውን ያጎፈሩ፣ ሰይፍ ያነገቱ ሰዎች ገበያው መሃል ይንጎራደዳሉ። ተራራውን በእጄ ነካሁት፤ ፀሐይ ስላገኘው ይሞቃል። ሥሩ ተቀምጬ እንደ ቂል ብቻዬን ሳቅሁ። ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቶቲል ስደርስ ጥሜ ለጉድ ነበር። ሆኖም የእኛም የሰኔ ጾም ገብቶ ነበርና እህልም ውሃም ሳልቀምስ መዋሌ ነው። ሙስሊሙም ይጾማል፤ በሰው ፊት ጠርሙስ ማንሳትም ያሳፍራል። ከሐጂ ሱቅ ያመጣሁትን የሽሮፕ ጠርሙስ ሞላሁና ጥብቅ አድርጌ ከደንኩ። ከእናቴ ጋር እንጠጣዋለን አልኩ በልቤ።

ወደ ስምንት ሰዓት የመልሱ አውቶቡስ ተነሣ። ሾዋክ የምትባል ከተማ ላይ ቆመና አንድ ጢማም ግዙፍ ሰው ተሳፍሮ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል አጠገቤ ተቀመጠ። ሾፌሩ ዞር ብሎ «እንኳን ደህና መጡ ጀናቡ» አለው። ጀናቡ የሚባለው የፖሊስ መኮንን ነው። ቀልቤ ተገፈፈ።

«ተማሪ ነህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«የት?»

«ገዳሪፍ።»

ከዚህ በላይ ካወራሁ ዓረቢኛዬ ያጋልጠኛል። ስለዚህ የተኛሁ መሰልኩ። አንድ ዓይኔን ሰረቅ አድርጌ ሳየው እሱም ያየኛል። እመቤቴ ማርያም፣ የዛሬን አውጪኝ፣ ሁለተኛ ተራራ የሚባል አላይም አልኩ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አውቶቡሱ ዝግ አለ። ቀና ብዬ በመስታወቱ ሳይ መንገዱ ተዘግቷል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አንዱን ካንዱ ቋጥረው፣ ከወዲህ ማዶ እስከ ወዲያ ማዶ ወጥረው ይዘውታል። አንዳንዱ ዱላውን ያወዛውዛል። «ውረዱ! ውረዱ!» ይላሉ። አጠገቤ ያለው መኮንን ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለ።

ከሻ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ፖሊሱም መሃላችን የተቀመጠው ለዚሁ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሰዉ በፊተኛው በር ሲወርድ እኔ በኋለኛው ዘለልኩና ሜዳውን ይዤ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ያ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠፋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። የሐጂ ጀላቢያ እየጠለፈኝ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ከኋላዬ «ያ ወለድ! ያ ወለድ!» ይላሉ፤ አንተ ልጅ ማለት ነው። ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ልብሱን በአንድ እጁ ሰብስቦ ይከተለኛል፣ በሌላው እጁ የሚያብለጨልጭ ነገር ይዟል። ሽጉጥ! ሦስተኛ ጊዜ ወደቅሁና ከዚያ በኋላ መነሣት አልቻልኩም። ሁለት እጄን አነሣሁ።

ሽማግሌው እያለከለኩ ደረሱብኝ። በእጃቸው የያዙት የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያ ነበር።

«ልጄ፣ ከምግብ ነው እንዴ የምትሸሸው?» አሉኝ። «ና አፍጥር። መንገደኛ በማፍጠሪያ ሰዓት ደጃችን አያልፍም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ወደ መንገዱ ሳይ ተሳፋሪው ሁሉ ሰሌን ላይ ተደርድሮ እጁን ይታጠባል። ሾፌሩም አለ። ለካ የመንደሩ ወግ ነው፤ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ ይዘጉና የሚያልፈውን ሁሉ ወደደም ጠላም በግድ ያበላሉ። እኔ ረመዳንን የማውቀው በመጠለያና በከተማ ነው፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ሆኜ አላውቅም። ሐበሻ ተማሪ ደግሞ የተዘጋ መንገድ ሲያይ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው።

አፈርኩ፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው ግን ጀላቢያዬን አራግፈው፣ በሩጫ የጣልኳትን ጠርሙስ ከመሬት አንስተው ሰጡኝና እጄን ይዘው መለሱኝ። ዓም ዑስማን ይባላሉ። «ዓም» አጎት ማለት ነው፤ እዚያ አገር ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲሁ ይጠራል።

ክፍት የነበረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፣ ከመኮንኑ ጎን። ጉድ ፈላ።

ትሪው ቀረበ። አሲዳ ነው፣ እንደኛው ገንፎ ከማሽላ የተሠራ፤ ላዩ ላይ የደረቀ ሥጋ ተፈጭቶ የገባበት ወጥ ፈሶበታል። ሁሉም እጁን ሰደደ። እኔ ተምር አነሣሁና እሷኑ እያላመጥኩ ቆየሁ። እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ጾም ባይሆንም የእስላም ሥጋ የእኛ ሰው አይበላም፣ እናቴም ይህን አስምላኝ ነው የላከችኝ። ሆዴን አሞኛል ብል ይበቃ ነበር።

«ለምን አትበላም?» አሉ ዓም ዑስማን። «ቤታችንን ተጸየፍክ?»

እንዲህ ሲሉኝ መዋሸት አቃተኝ። በዚያ ክፉ ዘመን ማሽላቸውን አውጥተው መንገደኛ የሚለምኑ ሰው ፊት ምን ብዬ ልዋሽ?

«ዓም ዑስማን፣ እኔ ሐበሻ ነኝ። ክርስቲያን ነኝ። እኛም ጾም ላይ ነን፣ ሥጋ አልበላም» አልኩ።

መኮንኑ ማላመጡን አቆመ። አለቀልኝ፣ ትምህርቴም የሐጂም ሱቅ አለቀ አልኩ።

«ታዲያ አንተም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም?» አሉ ሽማግሌው።

«ምንም።»

«ውሃስ?»

«ውሃም።»

ጭናቸውን መትተው ሳቁ። «ይሄ ልጅ ከእናንተ ከአንዳንዶቻችሁ የተሻለ ጾሟል!» ብለው ወደ ጓሮ ተጣሩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ለብቻዬ ሌላ አሲዳ አመጣችልኝ፤ በደረቀ ባሚያና በሰሊጥ ዘይት ብቻ የተሠራ ወጥ ያለበት። በላሁ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ እንደዚያ የጣመኝ ነገር የለም።

የምሰጣቸው ነገር አልነበረኝም። ጠርሙሷን አወጣሁ። «የቶቲል ውሃ ነው፣ ለእናቴ ነበር፣ ቅመሱልኝ» አልኳቸው። «ቶቲል!» እያሉ ተቀባበሏት። መኮንኑም ተጎነጨ። ዓም ዑስማን መጨረሻ ላይ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና፣ እሳቸው ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው መለሱልኝ። ሥሯ ላይ ሁለት ጉንጭ ታህል ቀርታ ነበር።

«ይቺ የእናትህ ናት» አሉኝ።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስዞር ሴቶቹን አየኋቸው። ትሪያቸውን ከበው ተቀምጠዋል። አሲዳቸው ላይ ወጥ የለም። ጨው በውሃ በጥብጠው በእሱ እያጠቀሱ ይበላሉ። የእኔ የባሚያ ወጥ የማን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ያቺ ሴትዮ ሳያት «ጠገብክ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ።

አውቶቡሱ ሲነሣ መኮንኑ አሁንም አጠገቤ ነው። መንደሩ ከኋላችን ቀረ። ከዚያ፣

«ከሰላ ምን ልታደርግ ሄድክ?» አለኝ።

«ተራራ ለማየት።»

«ተራራው ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ተራራውን ራሱን ለማየት ነው።»

«እውነቱን ንገረኝ። ዕቃ ልታሻግር ነው?»

«ወላሂ ተራራ ለማየት ነው። ለእናቴ ልነግራት። እሷ ከኡም ጋርጉር መውጣት አትችልም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። የምዋሽ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ውሸት አላጣም ነበር፤ እሱም ያንን ያሰበ ይመስለኛል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ገዳሪፍ መግቢያ ኬላ ላይ ሁለት ወታደሮች ገቡ። ወረቀት እያዩ ወደ እኛ ተጠጉ። አንደኛው እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እሱን ተወው» አለ መኮንኑ። «ከእኔ ጋር ነው። አብረን ነው ያፈጠርነው።»

አለፉ። ስንወርድ ክንዴን ጨበጥ አድርጎ በጆሮዬ፣ «ሁለተኛ ያለ ወረቀት ብትወጣ የማስርህ እኔው ነኝ» አለኝ። ከዚያ ወደ ጠርሙሷ በአገጩ አመለከተና፣ «አድርስላት» ብሎ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ሐጂ ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። መጥፋቴን አውቀዋል፤ ጓደኛዬ ጋ ሰው ልከው አላገኙኝም። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። እኔ ስድብ ስጠብቅ እሳቸው ቁልቁል አይተው፣

«ጀላቢያዬን ምን አድርገሃት ነው?» አሉ።

እውነትም ጥቁር አፈር ነክሷት፣ ጫፏ ተቀዷል። ከነገሩ ሁሉ እሳቸውን ለማስቀየም የበቃችው እሷ ናት። በሳምንቱ ግን ራሳቸው ቢሮ ተመላልሰው የኡም ጋርጉር ተስሪህ አወጡልኝ።

እናቴ ሁለቱን ጉንጭ ጠጣች። የምንጯን ወግ ጭምር ሁሉንም ስነግራት፣ ስለ ሩጫዬ ስትስቅ እንባዋ ፈሰሰ። «እንዴ፣ ከሰላን አንድ ቀን እንኳ ሳላያት እንዴት ብዬ ወደ እሷ እመለሳለሁ?» አለች። ከዓመታት በኋላ ዓይኗን ልትታከም ከሰላ ተወሰደች። ተራራውን አይታ፣ «ለዚህ ድንጋይ ነው ልትታሰርልኝ የነበረው?» አለችኝ። ግን ደጋግማ ታየው ነበር።

ዛሬ የምኖረው መተማ ነው፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሱዳን ስትታመስ ሰዉ ድንበር ተሻግሮ በእኛ ደጅ በኩል ያልፋል። አንዱ ረመዳን ከእኛ ሁዳዴ ጋር ገጠመ። አንድ ቀን ለባለቤቴ አሳቤን ነገርኳት።

«ኧረ በሞቴ! ሽማግሌው ጋቢውን አስፋልት ላይ ወጥሮ ቆመ ቢሉኝ የት እገባለሁ?» አለች። እንዲህ እያለች ሽሮውን በትልቁ ድስት ጣደችው፣ ተምርም ገዛች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጋቢዬን ከጎረቤቴ ነጠላ ጋር ቋጥረን ወጠርን። ሱዳኖች የጫነ አይሱዙ መጣና ቆመ። አሮጊቶቹ ገና ሲያዩን ገብቷቸው እልል አሉ። አንድ ጎረምሳ ግን ከኋላ ዘሎ ወደ ማሽላው ማሳ ሮጠ። ሐበሻ አገር እንዲህ ይደረጋል ብሎ በምን ያውቃል? የተዘጋ መንገድ ነው ያየው።

ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት። በስልሳ ዓመቴ፣ ጉልበቴ እያመመኝ፣ «ያ ወለድ! ያ ወለድ!» እያልኩ። አጥር ጥግ ደርሶ ሁለት እጁን አንስቶ ቆመ። ትንፋሼ እስኪመለስ ትከሻውን ያዝኩት።

«ልጄ፣ ከምግብ ነው እንዴ የምትሸሸው?» አልኩት በዓረቢኛ።

በልተው፣ መርቀውን ሄዱ። ያን ማታ ከድስቱ ለእኔና ለባለቤቴ የተረፈን ነገር አልነበረም። ጨው በውሃ በጥብጠን እንጀራችንን በእሱ አጠቀስን። እሷ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።